መውጫ የሌለው ፈሰስ

ያገኘሁትን አበልጄ ቀማኝ። ስምዎን ግድግዳው ላይ እጽፍልዎታለሁ ብሎኝ የራሱን ስም ጻፈበት። ፊደል የማልለይ ሰው ስለነበርሁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር በሰው ስም ስኮራ ኖርሁ። በደሉ ይኸው ነው።

የተቀማሁት መሬት አይደለም፤ ከብትም አይደለም። ለሰው ስነግር የሚስቀው ለዚህ ነው። በኮምፒዩተር የተኩስ ጨዋታ ውስጥ ከግንብ ጀርባ የተደበቀች አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘሁ፤ የተቀማሁት ማግኘቴን ነው። መሳቅ የፈለገ አሁን ይሳቅና ይጨርስ።

የተወለድሁት ከጉና ስር ነው። መሬቱ ለታላቅ ወንድሜና ለእኔ ስላልበቃ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ደብረ ታቦር ገባሁና የአንድ ሕንጻ ዘበኛ ሆንሁ። ሌሊት እጠብቃለሁ፤ ጠዋት እለቀቃለሁ። ከሕንጻው ምድር ቤት ጌም ቤት ነበረ። ባለቤቷ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ናት፤ ስምንት ኮምፒዩተር ደርድራ በኬብል አያይዛቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ይሞላውና በስምንቱ ላይ ተቀምጦ ሲተኳኮስ፣ ሲሰዳደብ ይውላል። ጠዋት ግን ተማሪው ትምህርት ቤት ነው። ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ማሽኖቹን የሚጠብቀው ሰው ብቻውን ይቀመጣል።

አበልጄ እሱ ነው። እኩያዬ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ጎረቤት ነበርንና ልጄ ሲወለድ ክርስትና አነሣልኝ። በእኛ ዘንድ ክርስትና ከተነሣ ወዲህ አንተ መባባል ነውር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ተባባልን።

ጨዋታውንም ያስለመደኝ እሱ ነው። ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሜ ሳይ «ይግቡ እንጂ አበልጄ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ» አለኝ። ገባሁ። ማውዙን እጄ ላይ አስጨበጠኝ። መጀመሪያ አካባቢ ሰማይ ሰማዩን እተኩስ ነበር።

«አበልጄ፣ ከኋላዎ!» ይለኛል።

«የቱ ነው ኋላዬ?»

«ይኸው፣ ሞቱ።»

«ማን ገደለኝ?»

«እኔ ነኝ፤ ይቅርታዎን።»

«እንግዲያው ነፍስ ይማር ይበሉኛ!»

እንዲህ እያልን እንስቅ ነበር። ያንን አልክድም። ደግ ቀን ነበር።

መተኮሱ ግን አልጣመኝም። በአገሬ ጠመንጃ ስንት ቤት እንደዘጋ አውቃለሁ። እኔ የወደድሁት መዞሩን ነው። የሚታኮሱበትን ስፍራ ማፕ ይሉታል፤ አንዱ ማፕ መንደር ነው፣ አንዱ ፋብሪካ ነው፣ አንዱ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚተኩስብኝ ስለሌለ በየማፑ እንደ መሬት ለኪ እዞራለሁ። አበልጄም አንድ ቀን ምስጢር እንዳለ ነገረኝ። ጨዋታውን የሠሩት ፈረንጆች ለማንም የማይጠቅም ነገር በየማፑ ይደብቃሉ። ከጣሪያ ላይ የተኛ ድመት። ጥይት ሲመታት የምትዘፍን ዶሮ። ተራራው ራስ ላይ፣ ማንም በማይደርስበት፣ አንድ ወንበር ብቻ። በእነሱ ቋንቋ የፋሲካ እንቁላል ይባላል አለኝ፤ ለፋሲካ እንቁላል ቀቅለው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሣር ውስጥ ይደብቁና ልጆቻቸው ይፈልጉታል።

«ለምን ይደብቁታል?» አልሁ።

«ለጨዋታ ነዋ።»

«ሀምሳ አምስት ቀን ጾመው?»

«እነሱ እንደኛ አይጾሙም፣ አበልጄ።»

«እንዲያ ይንገሩኝ። የጾመ ሰው እንቁላል አይደብቅም።»

በአንደኛው ማፕ ላይ ግን ምስጢሩ አልተገኘም ነበር። ማፑ ግንቡ ብጫ የሆነ የገበያ ከተማ ነው፤ መሐሉ ላይ የውሃ ጉድጓድ አለ። ከሌላ ከተማ የመጣ ተማሪ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ወሬውን ጣለባቸውና ልጆቹ አበዱ። አንዱ መብራቱን ሁሉ ተኩሶ ያጠፋል፤ ሁሉም ሲጠፋ በር ይከፈታል ብሎ። አንዱ ግንቡን በቢላዋ እየወጋ ድምፁን ያዳምጣል። ሌላው መስኮት ይቆጥራል። ፈላጊ ሲሆኑ ደግሞ ጠላት ዝም አይላቸውም፤ ግንብ ሲያንኳኩ ከኋላ ይገደላሉ። ባለቤቷ ይህን አይታ «ከኢንተርኔት ሳያይ በራሱ ፈልጎ ላገኘ ሰው ስሙን ከበሩ ጎን በቀይ ቀለም አጽፍለታለሁ» ብላ ተናገረች። ወሬው እኔም ዘንድ ደረሰ።

በእኛ አገር ሰው በድንበር ብቻ አይጣላም፤ በፈሰስም ይጣላል። ፈሰስ የክረምት ውሃ ከማሳ እንዲወጣ በበሬ የሚቀደድ ቦይ ነው። የላይኛው ጎረቤት ፈሰሱን ወደ ታችኛው ማሳ ከለቀቀው የታችኛው ገብስ በስብሶ ይቀራል። አባቴ በአንድ ፈሰስ ሰባት ዓመት ተሟግቷል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስፍራ ሳይ መጀመሪያ የማየው ቤቱን አይደለም፤ ውሃው የት ይሄዳል ብዬ ነው።

በዚያ ብጫ ከተማ ከጉድጓዱ የሚነሣ የድንጋይ ቦይ ነበረ። ግንቡን ታክኮ ይወርድና ከማእዘኑ ላይ በቀዳዳ ወደ ግንቡ ስር ይገባል። ግንቡን ዞሬ ከወዲያ በኩል አየሁ። ደረቅ መሬት ነው፤ ቀዳዳ የለም። ፈሰሱ ገባ፣ አልወጣም። ሦስት ጠዋት ይህንኑ ስዞር አሳለፍሁ። በውጭ በኩል ግንቡን በእርምጃ ለካሁት፤ በውስጥ በኩልም ለካሁት። የውጩ በለጠ። እንግዲያው ከመሐል የተዋጠ ስፍራ አለ። ቀና ስል ከቀዳዳው በላይ፣ ሁለት ሰው ቢደራረብ በሚደርስበት ቁመት፣ ሳንቃ የተመታበት ጠባብ መስኮት አየሁ። ሌላው መስኮት ሁሉ የተሳለ ነው፤ ይህ ግን ከስሩ ጥላ ነበረው።

«አበልጄ፣ በሌላው ማሽን ይግቡና ይምጡልኝ» አልሁ።

«የት?»

«ከማእዘኑ። ቁጢጥ ይበሉ።»

«ለምን?»

«ልወጣብዎ ነው።»

«ኧረ ይውጡብኝ፣ ምን ገዶኝ!»

ቁጢጥ አለ። ጭንቅላቱ ላይ ወጣሁ። እሱ ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። ሳንቃውን ተኮስሁት፤ ተሰበረ፤ ዘለልሁ። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ስኒ፣ የውሻ ሥዕል። በግድግዳው ላይ ደግሞ ጽሕፈት።

አበልጄ ከወንበሩ ተነሥቶ የእኔን ማሽን በትከሻዬ ላይ አየ። ጽሕፈቱን በከንፈሩ አነበበው።

«ምን ይላል?» አልሁት።

«የሠሪዎቹ ስም ነው።»

«ስማቸውን ጽፈው በሩን ደፈኑበት?»

«አዎ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ነገር ከሰው ቀድሜ አግኝቼ አላውቅም። ሲነጋ ሁሉ የተያዘ ነበር። ያን ጠዋት ግን ሳይተኩሱብኝ፣ ሳያሳዩኝ፣ በገዛ ዓይኔ አገኘሁ።

ባለቤቷ በዚያ ሳምንት ለዘመድ ተዝካር እብናት ወርዳ ነበር። አበልጄ «እሷ እስክትመለስ ምን አስጠበቀን፣ ስምዎን እኔው እጽፍልዎታለሁ» አለኝ። በማግስቱ ስገባ ቀዩ ቀለም ደርቋል። ሁለት ቃል ነው። በጣቱ እያሳየ «ይኸኛው ስምዎ፤ ይኸኛው የአባትዎ» አለኝ። የአባቴን ዳሰስሁት። ኅዳር ነበር።

ሰው እንዴት ሳይነግርህ ቀረ የሚለኝ አለ። ማን ይንገረኝ? እኔ ጠዋት ነኝ፤ ተማሪው ከሰዓት ነው። ዘበኛ ይጫወታል ብሎ የሚያስብስ ማን ነው? አንድ ጊዜ ብቻ ከሰዓት ገብቼ ሦስት ልጆች ከስሙ ስር ቆመው አገኘሁ።

«ያ ማን ነው የተጻፈው?» አልኋቸው፣ እንዲጠሩልኝ ብዬ።

«ምስጢሩን ያገኘው ሰውዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ተያዩ። «እርስዎ ነዎት?» አለ አንዱ።

«እኔ ነኛ! ምን ያስደንቃል?»

ሳቁ። አንዱማ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደስ ብሏቸው መስሎኝ።

ወንድሜ ለገበያ ሲመጣ ወስጄ አሳየሁት። እሱም እንደኔ ፊደል አይለይም። ባርኔጣውን አውልቆ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«የአባታችን የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«ይኸኛው።»

«እንዲህ ነው የሚመስል?» አለና በመዳፉ ነካው። ከዚያም ግንባሩን። «እኔስ ረዘም ያለ ይመስለኝ ነበር።»

አገር ቤት ተመልሶ የአባታችን ስም ደብረ ታቦር ላይ በቀይ ተጽፎ አየሁ ብሎ ለአጥቢያው ሁሉ አወራ። ጨዋታ ነው አላለም፤ ምን እንደሆነ እሱም አልገባው። የዚያ በፈሰስ ተሟግቶ የተረታ ሰው ስም ከተማ ላይ ተጽፏል፣ በቃ።

ከሁሉ የባሰውን የሠራሁት ግን ራሴ ነኝ። ያን ጽሕፈት አጠናሁት። ጠዋት ጠዋት ከስሩ ተቀምጬ በእስክሪብቶ በካርቶን ላይ እየገለበጥሁ፣ አበልጄ ፊት፣ እጄ እስኪለምደው። እሱ ያያል። «የዚያችኛዋን ፊደል እግሯን ያጥፏት» ብሎ አርሞኛል እንጂ ሌላ አላለም። ዕድሜ ልኬን አውራ ጣቴን ቀለም ስነክር የኖርሁ ሰው ከዚያ ወዲህ መፈረም ጀመርሁ። በደመወዝ ወረቀት ፈረምሁ። የቀበሌ መታወቂያ ሳሳድስ ፈረምሁ። ጸሐፊዋ ስሜን በአንደበቷ ጠርታ ጻፈች፤ እኔ ከስሩ የሌላ ሰው ስም ፈረምሁ። ፊርማ ማንበብ የማንም ሥራ አይደለምና ያየ የለም።

እንዲያውም ስሜን ከጻፍሁ ሌላውስ ምን ይከብዳል ብዬ በጥር የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ፣ ልጅ እግር ናት፣ «ስሙን መጻፍ የሚችል አለ?» አለች። ሃያ ሰው ወደ መሬት አየ። እኔ ተነሣሁ። ሄጄ ጠመኔውን ተቀበልሁና ሳላቋርጥ፣ እግሯንም አጥፌ፣ ከነአባቴ ጻፍሁት።

«ጎበዝ!» አለች። «አጨብጭቡላቸው።» ተጨበጨበ። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው። የአበልጄን ስም ከነአባቱ ጠራች።

እኔ አበልጄ መጣ ብዬ ወደ በሩ ዞርሁ።

በር ላይ ማንም የለም። «ይቀመጡ እንጂ» ብላ ደግማ በሱ ስም ጠራችኝ።

«ማን አልሽ፣ ልጄ?»

«እርስዎን ነዋ። የጻፉትን ነው ያነበብሁ።»

«እኔ እሱ አይደለሁም።»

«ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

ስሜን ነገርኋት። ሰሌዳውን አየች፤ እኔን አየች። ከኋላ አንዱ ጎልማሳ «የሰው ስም ሰርቆ መጣ እንዴ?» አለና ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከስር የእኔን ጻፈችልኝ። አንድም የሚመሳሰል ፊደል የለም። የአባቴ ስም ረዘም ያለ ነበር።

ደብተሬን እዚያው ትቼ ወደ ጌም ቤቱ ሄድሁ። ዱላዬን ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝሁት ግን አላውቅም። ልጆቹ ይታኮሳሉ። ቀዩን ጽሕፈት እያሳየሁ «አበልጄ፣ ይህ የማን ስም ነው?» አልሁት።

አየኝ። «ተማሩ እንዴ?» አለኝ።

ይህን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። የለም፣ የእርስዎ ነው ብሎ አልዋሸኝም። ተማሩ እንዴ አለኝ።

ወደ ጓሮ ወጣን። «ያን ሳምንት ልታባርረኝ ነበር» አለ። «ተማሪዎቹ፣ ማሽን ይከፍታል እንጂ ጨዋታ አያውቅም ብለው ነግረዋት ነበር። ከእብናት ስትመለስ ስሜን ብታይ ታስቀረኛለች ብዬ ነው። አስቀረችኝም።»

«ለምን አልነገሩኝም? ለምን የእርስዎ ነው አሉኝ?»

«ደስ እንዲልዎ።»

«ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አዩ እንግዲህ! ለእርስዎ ምን ቀረብዎ? ማንበብ አይችሉ።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ደግሞስ በማን ጭንቅላት ላይ ቆመው ነው የገቡት?»

መምታት እችል ነበር። የልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው እንዴት ይመታል? ዱላዬን ተደግፌ ቆምሁ።

ባለቤቷ ፊት ሳቆመው ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። «እኔ ነኝ ያገኘሁት፤ እሳቸው አብረውኝ ነበሩ» አለ። እሷም «እታለም» ብዬ ብለምናት «እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው፤ እብናት ነበርሁ» አለችኝ። እንግዲያው ማፑን ክፈቱልኝና በምን እንዳወቅሁት ላሳያችሁ አልሁ። ፈሰሱን፣ ጥላውን፣ እርምጃውን። እሱ ይንገረን፣ ለምን እዚያ ጥግ እንደሄደ፤ ፈሰስ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ በካርቶኔ ላይ ሳቀረቅር ልብ አላልሁም እንጂ ማሽኖቹ ከገና በፊት ተለውጠዋል። በአዲሶቹ ላይ ያ ጨዋታ የለም፤ ሌላ ተጭኗል። አሮጌዎቹ የት ናቸው ብል ለአንበሳሜ ነጋዴ ተሸጡ አለች።

አንበሳሜ ሄድሁ። ቅዳሜ ነበር፤ ሚኒባሱ ላይ በበግ ጠረን ታፍኜ። አንዷን ማሽን ከገበያው ዳር አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አገኘኋት፤ ከጎኗ ባለው ጭረት ለየኋት። አንዲት ልጅ በሷ ማመልከቻ ትጽፋለች። ብጫውን ከተማ ፈልጊልኝ አልኋት። ጨዋታ የሚባል ሁሉ ተጠርጎ ነው የመጣልን አለች። «ምን ጠፍቶብዎ ነው?» ስትለኝ ምን ልበላት? ምንም አልሁና ተመለስሁ። ስፍራው ራሱ ከምድር ጠፋ። ሲገኝ ያየነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዱ ከድቶኛል።

ፍርድ ቤት ይህን አይሰማም። በሽማግሌ ያዝሁት። ለመቀመጥ እንኳ አራት ወር ፈጀ፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል። በዚያ መሐል እኔ ወደ መምህርቷ ተመልሼ ፊደል ለየሁ። በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በዚያው ጌም ቤት ተቀመጡ፤ ግድግዳው ይታያችሁ ብዬ ስለለመንሁ። ታላቅ ወንድሜን ምስክር ብዬ ከጉና አስመጣሁት። ባለቤቷም በር ላይ ቆመች። ዋናው ሽማግሌ ለድንበር ክርክር የታወቁ ሰው ናቸው።

«የጠፋው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቤት ነው አባቴ። አንድ ክፍል።»

«የት ያለ ክፍል?»

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ።»

«የማን ነበረ?»

«የሠሪዎቹ። ስማቸውም ተጽፎበታል።»

«ታዲያ ባለቤት ካለው የሰው ቤት ሰብራችሁ ገብታችሁ ነው የምትካሰሱ?»

ሳቅ ሆነ። አበልጄም ሳቀ። «የምጠይቀው ክፍሉን አይደለም፤ ማን አገኘው የሚለውን ነው» አልሁ። «ማንስ ቢያገኘው?» አሉ፣ ክፋት ሳይኖራቸው። በእውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው። አስረዳሁ። ፈሰሱን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ፤ «ይህማ እውነት ነው፣ ገብቶ ያልወጣ ውሃ አለ ማለት…» ብለው ጀመሩና ወደ አበልጄ ዞሩ። «አንተ በምን አወቅህ?»

«እንዲሁ ስዞር፣ አባቴ።»

«እንዲሁ?»

«አዎ። እሳቸውን በጭንቅላቴ ተሸክሜ ያስገባሁ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ተሸክሞሃል?» አሉኝ።

«ተሸክሞኛል።» ምን እላለሁ? ተሸክሞኛል።

ወንድሜን ጠሩት። «አንተስ ምን አየህ?»

«የአባቴን ስም አየሁ።»

«ፊደል ትለያለህ?»

«አልለይም፤ ወንድሜ በጣቱ አሳየኝ።»

ሽማግሌው አበልጄን «ተነሥና አንብብ» አሉት። ተነሣ። የገዛ ስሙን ከነአባቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። ይህን ለወንድሜ አስቀድሜ አልነገርሁትም ነበር። መንገር ነበረብኝ። ከጉና ድረስ በእግሩና በመኪና መጥቶ በሰው ፊት ሰማው።

ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ እኔ ተሳልሜ የሄድሁት የማንን አባት ነው?» አለ።

ተመልሶ ከጎኔ ተቀመጠ።

እንግዲህ የቀረው መሐላ ነው። ሁለት ሰው ተለያይቶ ምስክር ሲጠፋ ተከሳሹ ከቤተ ክርስቲያን በር ቆሞ ይምላል፤ ከማለ ነጻ ነው። በሐሰት የማለ ደግሞ ጦሱ በቤቱና በልጁ ይወርዳል ይባላል። ሽማግሌው «ትምላለህ?» አሉት።

አበልጄ ፊቱ ጠቆረ። «እምላለሁ» አለ።

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም። የክርስትና ልጅ ብቻ ነው ያለኝ።»

«የማን ልጅ?»

በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «የሳቸው።»

ሽማግሌው አቀርቅረው በመቋሚያቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር። ወንድሜ እጄን ያዘኝ። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ያስለው ነበር።

«ይቅር» አልሁ። «አይማል።»

«ክሱን ትተዋለህ?»

«አይማል ነው ያልሁ።»

«እንግዲያው ተውህ ማለት ነው» አሉ። ቸርነት አይደለም። ሰው እንደዚያ አድርጎ ያወራልኛል፤ ውሸት ነው። ፈራሁ። እሱ ይህን ያውቅ ነበር? አስቦበት ነው ወይስ አጋጣሚ? አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅም።

ፍርዱ ይህ ሆነ፤ ስሙ ይጥፋ፣ የማንም አይሁን፣ እናንተም ታረቁ። ባለቤቷ «እኔም ግድግዳውን ለኳስ ማሳያ ቴሌቪዥን እፈልገው ነበር» ብላ ኖራ አስመጣች። እዚያው ሳለን ተቀባ። ቀዩ በመጀመሪያው ኖራ አልጠፋም፤ ሁለት ጊዜ ደገሙት። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን ትከሻ ተሳሳምን።

ወንድሜ የእርቁን ምሳ ሳይበላ ተነሣ። «ጋሼ፣ አገር ቤት የሆነውን ይንገሯቸው» አልሁት።

«አልነግርም» አለ። «ለአንድ አጥቢያ ሰው አባቴ ተጽፏል ብዬ፣ ደግሞ ተሰርዟል ልበል? አንተ ና ንገር።» ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

የእርቅ ወረቀት ይጻፍ ተባለ፤ ከእንግዲህ ስለ ግድግዳው አንዱ አንዱን እንዳይጠይቅ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ማን አለ ተብሎ ሲፈለግ ከሱ በቀር አልተገኘም። አበልጄ ተቀምጦ ጻፈው። እኔ ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ሽማግሌዎቹ ሰለቻቸው፤ አንዳቸው «ኧረ ቶሎ በል፣ ዝናብ መጣ» አሉኝ። አልቸኮልሁም። ተራ ይዞ የተጻፈው ሁሉ እንደተባለው ነው፤ አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ። ከስሩ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁ፤ ፊደሎቹ ጠማሞች ናቸው፣ መስመሩንም አልፈው ወርደዋል። ነገሩ ያለቀው እሑድ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።